የዘውገ ትንፋሽ

ያኔ፣ ሳይፈርስ፣ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ነው፤
አንድም ዶሮ ታንቆ አላየሁም እኔ፤
ዘውገን ነው ያየሁት፣ ሌሊት፣ ከጎኔ፣
ገመድ ሳይጠልቅበት፣ እጅም ሳይነካው፣
የገዛ ጉሮሮው አንቆ ሲይዘው።

መጀመሪያ ያጓራል፤
እንደ ራሱ ላዳ፣ የቸርችልን ዳገት
በሁለተኛ ማርሽ እንደሚወጣበት።
ግድግዳው ላይ ያለው የጋዜጣ ልጣፍ
ሲርገበገብ ያድራል ጫፉ እንደ ክንፍ።
እትዬ ደብሪቱ ከጭቃው ወዲያ
በመጥረጊያ እንጨት ይደልቃሉ፤
«ኧረ የሰው ያለህ፣ ልተኛበት!» ይላሉ።

ከዚያ ጸጥ።
«ተመስገን» ይላሉ እሳቸው በጸጥታው፤
እኔ ግን ያኔ ነው የምነቃው።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
ሆዱ ይታገላል፣ ደረቱ ይገፋል፣
አየር ግን አይገባም፤
የገዛ ቤቱ በር በላዩ እንደተዘጋ፣
ደጅ ቆሞ እንደሚመታ ሰው እስኪነጋ።
ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት...
ሠላሳ አራት ላይ በክርኔ ስደቁሰው
«ሃህ!» ብሎ ይመጣል፣ ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው፤
«ምነው አስካለ?» ይላል፣ ተቆጥቶ፤
ደግሞ ይሄዳል፣ ፊቱን አዙሮ ተኝቶ።
ጠዋት አያስታውስም። እኔ ነኝ የማውቀው
ስንት ጊዜ ሳይሰናበተኝ እንደሄደ፣
ስንቴ እንደመለስኩት።

ቀን ደግሞ እንዲህ ሆነ፤ አራት ኪሎ መብራት፣
ቀይ በራ። ቢጫ በራ። አረንጓዴ በራ።
ዘውገ ብቻ አልበራም።
የጥሩምባው መዓት ከኋላው ሲንጫጫ
መሪው ላይ ተደፍቶ፤ ክፍት አፍ፣ ድፍን አፍንጫ።
ትራፊኩ መስኮቱን በቀለበቱ አንኳኳ፤
«ጠጥተሃል?»
«አልጠጣሁም፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቻለሁ» አለ፣
እውነት መስሎት።

ራስ ደስታ ሄድን። ሐኪሙ ጉሮሮውን በባትሪ ጎበኘና፣
«ማሽን አለ» አለ፣ «ፊት ላይ የሚታሰር፣ አየር የሚነፋ።»
ዋጋውን ሲጠራ ዘውገ ሳቀ፤
ላዳዋ ብትሸጥ ግማሹን አትሞላም።
«እስከዚያው ይቺን ከፋርማሲ ግዙ፤
የአፍንጫን በር ነው የምትከፍት፣
የጉሮሮን አይደለም፤ እንዳትሸወዱ።
በጀርባህ አትተኛ፤ ሆድህን ቀንስ፤
ማታ ማታ አትጠጣ።»

ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ
ጥርት ያለች ላስቲክ፤
ለሁለት ቀዳዳ ሁለት ምሰሶ፣
የዘመመ ጣራ እንደሚደግፉ።
እትዬ ደብሪቱ አይተው «እንዴ!» አሉ፣
«ቀለበት በአፍንጫ ለኮርማ ነው እንጂ!»

ሃያ ሦስት ዓመት ነው፤
ቀን ያኮርፈኛል፣ ሌሊት ያንኮራፋል፤
ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል።
በኩርፊያው እንዳለሁ፣
በማንኮራፋቱ እንዳለ አውቅ ነበር።

ያቺን ሌሊት ግን ላስቲኳን አድርጎ
በጎኑ ተኛልኝ። ጋዜጣው አልተነሳም።
ትንፋሹ በአፍንጫው፣ ቀጭን፣ እንደ ክር፤
ከአጠገቡ ሆኜ የማልሰማው ነገር።
ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።
የእጄን ጀርባ ከአፍንጫው ስር አኖርኩ፤
ለብ አለኝ። ደግሞ ለብ።
ከዚያ ቆመ። ቆጠርኩ። አስራ አንድ። ተመለሰ።
እንዳልዳነ አወቅሁ፤ እንደቀለለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ተመታ፣
ቀስ ብሎ፣ በጣት።
«አስካለ... አስካለ... ዘውገ ደህና ነው?
ምነው ዝም አለ?»
«አለ» አልኳቸው፣ በጋዜጣው በኩል።
«እስኪ በደንብ እዪው።»
«እጄ ላይ ነው ትንፋሹ።»
ቆዩ። ሲገላበጡ አልጋቸው ሲንቋቋ ሰማሁ።
«የማሽኑን ዕቁብ እኔ እሰበስባለሁ» አሉ፣
«እንግዲህ ተኚ።»

እጄን አላነሳሁም።
አንድ፣ ሁለት...